ሸኮ ማለት የትኛዋ ላም ናት?

ዛሬ የምጽፈው ስለ ላም ነው፡፡ «የጋዜጠኝነት ተማሪ ስለ ላም ምን አገባት?» የሚል እንደማይጠፋ አውቃለሁ፡፡ ጽሑፉን ጨርሳችሁ ብትፈርዱብኝ ደስ ይለኛል፡፡ መነሻዬ አንድ ጥያቄ ናት፡፡ «የሸኮ ከብት ሊጠፋ ነው፣ ይጠበቅ» ሲባል እንሰማለን፡፡ እሺ ይጠበቅ! ግን የትኛዋን ላም ነው የምንጠብቀው? ከ20 ከብት መሀል «ይቺ ሸኮ ናት፣ ያቺ አይደለችም» ብሎ ለመለየት ገበሬውም፣ ነጋዴውም፣ የእንስሳት ባለሙያውም የተስማሙበት፣ በወረቀት ሰፍሮ በየቀበሌው የሚታወቅ መስፈርት እኔ ባደግሁበት በሸዋ ቤንች አካባቢ አላየሁም፡፡

አቋሜን ከወዲሁ ልናገር፡፡ ሸኮ የተጻፈ የዝርያ መስፈርት ያስፈልጋታል፡፡ በዚያ መስፈርት የሚዳኝ ዓመታዊ የከብት ውድድርም ሚዛን ላይ ቢዘጋጅ ጥሩ ነው እላለሁ፡፡ መስፈርቱ መልክ ብቻ የሚለካ ከሆነ ግን ጭራሹን ባይኖር ይሻላል፡፡

በመጀመሪያ ከብቷን ለማታውቋት ጥቂት ልበል፡፡ ሸኮ የሚለው ስም የሸኮ ሕዝብ ስም ነው፡፡ የከብቷ መኖሪያ ቀድሞ ቤንች ማጂ ይባል የነበረው ዞን ሲሆን ዛሬ በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ውስጥ የቤንች ሸኮ ዞንና አጎራባቾቹ ማለት ነው፡፡ በጥናት ጽሑፎች ላይ «ሚዛን» እና «ጎዳ» የሚሉ ስሞችም ተሰጥተዋታል፡፡ ጎዳ በአማርኛ ቀንድ የሌለው ከብት ነው፤ ከሸኮ ከብቶች ውስጥ ቀንድ አልባዎችና ቀንደ አጫጭሮች ብዙ ስለሆኑ ስሙ ከዚያ የመጣ ይመስለኛል፡፡ ቁመቷ አጠር ያለ ነው፡፡ ሻኛዋ ትንሽ ነው፤ አንዳንዷ ላይ ደግሞ ጭራሹን የለም፡፡ አብዛኛው የአገራችን ከብት ባለ ሻኛው ዜቡ ወይም የዜቡ ቅይጥ ሲሆን፣ ሸኮ ግን በምሥራቅ አፍሪካ የቀረች የጥንቱ ሻኛ አልባ ከብት ርዝራዥ ናት እያሉ ተመራማሪዎች ይጽፋሉ፡፡ በዚህ በኩል የሚቀርቧት እንደ ንዳማ ያሉት የምዕራብ አፍሪካ አጫጭር ከብቶች ናቸው፡፡

ታዲያ አጭር መሆኗና ሻኛ ማጣቷ ምን ይጠቅመናል? ቁም ነገሩ ገንዲ ላይ ነው፡፡ ገንዲ የሚያመጣው ትሪፓኖዞም የተባለ በዓይን የማይታይ ተውሳክ ነው፤ ከከብት ወደ ከብት የሚያዛምተው በዋናነት የገንዲ ዝንብ ነው፡፡ የያዘው ከብት ደሙ ያንሳል፣ ይከሳል፣ ላም ከሆነች ትጨነግፋለች፣ ካልታከመም ይሞታል፡፡ እንደኛ ያለ ሞቃታማና እርጥብ አገር ለዝንቡ ይስማማዋል፡፡ እ.ኤ.አ. በ2006 ታትሞ የወጣ ጥናት አቢጋር፣ ጉራጌ፣ ሆሮና ሸኮ የተባሉትን አራት የአገር ዝርያዎች በጊቤ ሸለቆ አንድ ላይ አሰማርቶ ማን ገንዲን እንደሚችለው ተከታትሏል፡፡ ተውሳኩ በአማካይ የተገኘው ከአቢጋር 23 በመቶው፣ ከሆሮ 26 በመቶው፣ ከጉራጌ 27 በመቶው ላይ ሲሆን ከሸኮ ግን 9 በመቶው ላይ ብቻ ነው፡፡ ልዩነቱን አያችሁት? ሣሩ ያው፣ ዝንቡም ያው፣ ሸለቆውም ያው ነበር፡፡

«መድኃኒት አለ አይደል?» ትሉ ይሆናል፡፡ አለ፡፡ ነገር ግን መድኃኒቱን የተላመደ ተውሳክ እዚያው ጊቤ ሸለቆ ውስጥ መኖሩ እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ ጀምሮ በጥናት ተመዝግቧል፡፡ ሁለትና ሦስት ላም ላለው ገበሬ ደግሞ መርፌው ራሱ ወጪ ነው፡፡ በደሟ የምትቋቋም ላም ማለት እንግዲህ በየወሩ የማይከፈልበት መድኃኒት ማለት ናት፡፡

ይህን የመሰለ ሀብት ለምን ይመናመናል? ታከለ ታዬና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2007 ስለ ሸኮ ባሳተሙት ጥናት ሁለት ነገሮችን ያነሳሉ፡፡ አንደኛው ከዜቡ ጋር ያለ ቁጥጥር መዳቀል ነው፡፡ ሁለተኛው የሸኮ ኮርማ ኃይለኛ በመሆኑ ገበሬው ገና በወይፈንነቱ የሚቀጠቅጠው መሆኑ ነው፡፡ ይህንኑ ነገር ባለፈው ክረምት ለእናቴ ወንድም አነሳሁላቸው፡፡

«ጋሼ፣ ኮርማችሁን ለምን ቀጠቀጣችሁት?» አልኳቸው፡፡

«አንቺ ልጅ፣ ኮርማ ማቆየት ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ?» አሉኝ፡፡ «የሰፈሩን ላም ሁሉ በነጻ ያጠቃል፡፡ ድርቆሹን የምሰጠው እኔ፣ ሌሊት ከጎረቤት ማሳ የምመልሰው እኔ፣ ሰው የወጋ ለታ ሽማግሌ ፊት የምቀርበው እኔ፡፡ ጥጃው ግን የሁሉም ነው፡፡ ብትሆኚ አትቀጠቅጪውም?»

ምን ይመለሳል! ከዚያ በኋላ ብዙ ጊዜ አስቤበታለሁ፡፡ የእሳቸው አነጋገር ችግሩን ከብዙ ስብሰባ በተሻለ ያስረዳል፡፡ የኮርማው ጥቅም የሰፈሩ ነው፣ ዕዳው ግን የአንድ ሰው ነው፡፡ ደህናው ወይፈን ተቀጥቅጦ ሲሸጥ የሰፈሩን ላም የሚያጠቃው ከየትም የመጣ፣ ማንም ያልመረጠው ኮርማ ይሆናል፡፡ ከጥቂት ትውልድ በኋላ የምትወለደው ጥጃ ስሟ ሸኮ ሆኖ ደሟ ሌላ ነው፡፡ መስፈርት ስለሌለን መቼ እንደጠፋችብን እንኳ አናውቅም፡፡

እስቲ ሌላው ዓለም እንዴት እንዳደረገ እንይ፡፡ እንግሊዞች ሾርትሆርን የሚሏቸውን ከብቶች የዘር ሐረግ በመጽሐፍ ማስፈር የጀመሩት እ.ኤ.አ. በ1822 ጆርጅ ኮትስ ባሳተመው መዝገብ ነው፡፡ ከዚያ ወዲህ እናትና አባቷ መዝገብ ላይ ያሉ ጊደርና የሌሉባት ጊደር በአንድ ዋጋ አልተሸጡም፡፡ ቅርባችን ያለው የቦረና ከብት ነው፡፡ መነሻው የእኛው ደቡብ ሆኖ ሳለ በኬንያ ያሉ አርቢዎች እ.ኤ.አ. በ1951 የቦረና አርቢዎች ማኅበር አቋቁመው ዝርያውን በመስፈርትና በመዝገብ ያዙት፡፡ ዘሩ ዛሬ ደቡብ አፍሪካ ድረስ ደርሷል፡፡ ስሙ የእኛ፣ መዝገቡ የእነሱ! በዚህ ማንንም አልወቅስም፡፡ የጻፈ ሰው ባለቤት መሆኑን ግን ልብ እንበል፡፡

መስፈርትና ውድድር ጥግ ድረስ ሲሄዱ ምን እንደሚመስሉ ማየት የፈለገ ደግሞ ድንክ ጥንቸሎችን ይመልከት፡፡ እኛ ዘንድ ጥንቸል እምብዛም አይረባም፤ በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 11 ከማይበሉት ስለተቆጠረ ብዙው ክርስቲያን አይቀምሰውም፡፡ በአውሮፓና በአሜሪካ ግን ኔዘርላንድ ድዋርፍ የምትባል፣ መዳፍ ላይ የምትቀመጥ ጥንቸል አለች፡፡ የአሜሪካ የጥንቸል አርቢዎች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1969 እንደ ዝርያ ተቀበላት፡፡ በመስፈርታቸው መሠረት አድጋ የጨረሰች ጥንቸል ከ1.13 ኪሎ ግራም ገደማ ማለፍ የለባትም፡፡ ጆሮዋ እንኳ ይለካል፤ 5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ቢሆን ይመረጣል፣ ከ6.35 ካለፈ ከውድድር ውጪ ናት፡፡ የግራ ጆሮዋ ላይ መለያ ቁጥር ይነቀሳል፡፡ ዳኛው ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጣታል፣ ገልብጦ ጥርሷንና ጥፍሯን ያያል፣ ከ100 ነጥብ ይሰጣታል፡፡ ሥርዓቱ ያስቀናል፡፡ እኔን በጣም የገረመኝ ተሸናፊው አርቢ ለምን እንደተሸነፈ ተነግሮት ወደ ቤቱ መሄዱ ነው፡፡

ነገር ግን ውድ አንባቢያን፣ እዚህ ላይ ቆም እንበል፡፡ ድንክነቷን የሚያመጣው አንድ የጎደለ የዘረ መል ቁራጭ ነው፤ ሳይንቲስቶች የትኛው እንደሆነ እ.ኤ.አ. በ2017 አሳውቀዋል፡፡ ከአንድ ወላጇ ብቻ የወረሰችው ድንክ ትሆናለች፡፡ ከሁለቱም ወላጆቿ የወረሰችው ግን ከተወለደች በጥቂት ቀን ውስጥ ትሞታለች፡፡ አርቢዎቹ እነዚህን ጫጩት የሚያካክሉ ግልገሎች «ለውዝ» ይሏቸዋል፡፡ ሁለት ድንኮች ሲዳቀሉ በአማካይ ከአራት ግልገል አንዷ ለውዝ ናት፡፡ የሚገርመው ደግሞ ከመስፈርቱ በላይ ሆና ለውድድር የማትቀርበዋ ትልቋ እህት ስትወልድ ብዙ ጊዜ ስለማትቸገር፣ አስተዋይ አርቢ ለእናትነት እሷን ያስቀራል፡፡ ጠረጴዛ ላይ የምትሸለመው ሌላ፣ ቤቱን የምታቆመው ሌላ ማለት ነው፡፡

ለሸኮም የምፈራው ይህንኑ ነው፡፡ ነገ አንድ ኮሚቴ ተሰብስቦ «ሸኮ ማለት አጭር፣ ቀንድ አልባ፣ ሻኛ የሌላት ናት» ብሎ ቢጽፍና ሽልማት ቢያቆም፣ ገበሬው አጭርና ጎዳ ጎዳውን ይመርጣል፡፡ ሰው የሚሸለምበትን ነገር ነውና የሚያረባው! ገንዲን መቋቋም ግን በሻኛና በቀንድ አይታይም፡፡ ጎዳ ሆና ዝንብ በነካት ቁጥር የምትወድቅ ጊደር ልትኖር ትችላለች፡፡ ትንሽ ሻኛ ኖሯት ዓመቱን ሙሉ ያለ መርፌ የምትወጣ እናት ልትኖር ትችላለች፡፡ በመልክ ብቻ ከዳኘን የመጀመሪያዋን ሸልመን ሁለተኛዋን ለቄራ እንሰዳለን፡፡ ፎቶዋ ያምራል፣ ከብቷ ግን የለችም፡፡

ታዲያ መፍትሔው ምንድን ነው? ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፡፡ እኛ የቡና አገር ልጆች ነን፤ በበቃና ቴፒ ጎረቤቶቻችን ናቸው፡፡ ቡና እንዴት ደረጃ እንደሚወጣለት የሚያውቅ ሰው የላም መስፈርትም ይገባዋል፡፡ በአገራችን የቡና ምደባ ከ100 ነጥብ 40ው ለጥሬው ነው፤ መጠኑ፣ ቀለሙ፣ ሽታው ይታያል፡፡ 60ው ግን ለስኒው ነው፤ ተቆልቶ፣ ተፈልቶ፣ ተቀምሶ ይሰጣል፡፡ በመልኩ ብቻ ቡናን አንደኛ የሚል ቀማሽ የለም፡፡ እኔም የምለው ለሸኮም እንዲሁ ይሁን ነው፡፡ 40ው ነጥብ ለመልክ ይሁን፤ ቁመት፣ ሻኛ፣ ቀንድ፣ የሰውነት አቋም፡፡ 60ው ለሥራ ይሁን፤ በዓመት ስንቴ ታከመች፣ በስንት ጊዜ ልዩነት ወለደች፣ ጥጃዋ አደገላት ወይ፣ ስንት ታለበች፣ ጠባይዋስ እንዴት ነው፡፡

«የገበሬ ላም መዝገብ ከየት ይመጣል?» ለሚል መልሱ እዚሁ ክልላችን ውስጥ አለ፡፡ በካፋ ዞን አዲዮ ወረዳ የቦንጋ በግ አርቢዎች እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ ከተመራማሪዎች ጋር በማኅበር ሆነው ዝርያቸውን ያሻሽላሉ፡፡ ተመሳሳዩ ሥራ በአማራ ክልል በመንዝ በግ ላይም ተጀምሯል፡፡ አሠራሩ ቀላል ነው፡፡ ግልገሉ ሲወለድ መለያ ቁጥር ይደረግለታል፣ ሲያድግ ይመዘናል፣ እናቱ መንታ መውለዷ ይጻፋል፡፡ ወጠጤዎቹ ለአቅመ አውራነት ሲቃረቡ አንድ ቦታ ይሰበሰባሉ፡፡ በመጀመሪያ በመዝገባቸው ይለያሉ፤ ከዚያ ከአርቢዎቹ የተውጣጣ ኮሚቴ ቀለሙን፣ ጭራውን፣ ቀንዱን፣ አቋሙን አይቶ ደረጃ ይሰጣል፡፡ የተመረጠው አውራ በግ በማኅበሩ አባላት መሀል ይዘዋወራል፣ የተጣለው ይቀጠቀጣል ወይም ይሸጣል፡፡ ይህ ምንድን ነው? ውድድር ነው እንጂ! ልዩነቱ ሥራ ቀድሞ መልክ መከተሉ ነው፡፡ ላም እንደ በግ ቶሎ ስለማትወልድ ውጤቱ ይዘገያል፡፡ ቢዘገይም መንገዱ ያው ነው፡፡

ሚዛን ላይ የሚደረገው ውድድር እንግዲህ እንዴት ይሁን? እንደኔ እንደኔ ትልቁ ሽልማት ለቆንጆ ላም መሰጠት የለበትም፡፡ የተመረጠ የሸኮ ኮርማ ለያዘ ሰው ይሰጥ፡፡ የአጎቴን ነገር አስታውሱ፡፡ ሽልማቱም ዋንጫ ብቻ አይሁን፤ የአንድ ዓመት የኮርማው ቀለብና ሕክምና ይሁን፡፡ ላሙን ያስጠቃ ጎረቤትም ትንሽ ይክፈል፡፡ ያኔ ኮርማ ማቆየት ዕዳ መሆኑ ይቀርና ገቢ ይሆናል፡፡ ጠባይም ነጥብ ያግኝ፤ ዳኛውን የወጋ ኮርማ አንደኛ ሊወጣ አይችልም መቼስ! ግን ተጠንቅቀን ነው፤ ለማዳነት ብቻ ከመረጥን ገንዲ የሚችለውን ደም ሳናውቅ ልንጥለው እንችላለን፡፡ ስለዚህ በመጀመሪያ የገንዲው፣ ከዚያ የጠባዩ ነጥብ ይታይ፡፡ ከብት አንድ ቦታ ሲሰበሰብ በሽታም አብሮ ስለሚሰበሰብ፣ ያልተከተበና በባለሙያ ያልታየ ከብት ከበሩ ይመለስ፡፡

ሊነሱ ከሚችሉት ተቃውሞዎች ሁለቱን ላንሳ፡፡ አንደኛው «ገበሬው ወተት ይፈልጋል፣ በፈረንጅ ዘር አዳቅሉለት» የሚለው ነው፡፡ የፈረንጅ ድቅል ብዙ እንደምትታለብ አልክድም፡፡ መኖ ያለው፣ ሐኪም በቅርብ የሚያገኝ፣ ከዝንብ ነጻ በሆነ ደጋ የሚኖር ሰው ቢያዳቅል እሰየው! ዝንብ ባለበት ቆላ፣ ገጠር ቀበሌ ውስጥ ለሚኖር ሰው ግን የሞተች ድቅል ወተት አትሰጥም፡፡ ሁለቱንም በየቦታቸው እናርባ ማለቴ እንጂ አንዱ ይጥፋ አላልኩም፡፡

ሁለተኛው ይከብዳል፡፡ «ንጹሕ ሸኮ እኮ የለም፣ ምኑን ትመዘግቢያለሽ?» የሚል ነው፡፡ እውነት ነው፤ የዘረ መል ጥናቶችም የዛሬዋ ሸኮ የጥንቱ ሻኛ አልባ ከብትና የዜቡ ቅይጥ መሆኗን ያሳያሉ፡፡ ግን በዓለም ላይ ካሉ ዝርያዎች ብዙዎቹ የተጀመሩት ከቅይጥ ነው፡፡ ድንኳ ጥንቸል ራሷ ሌሎች ጥንቸሎች ተዳቅለው የወጣች ናት፡፡ መስፈርት ስለ ትላንት ንጽህና የሚመሰክር ወረቀት አይደለም፤ ከዛሬ ጀምሮ ምን እንደምናስቀር የምንስማማበት ውል ነው፡፡ እንዲያውም ቅይጥ በመብዛቱ ነው መቸኮል ያለብን፡፡ የምንመርጥበት ገና እያለ መምረጥ ይሻላል፤ ነገ የምንመርጥበት ላይኖር ይችላል፡፡

አሁን ወደ መጀመሪያው ጥያቄ ልመለስ፤ እኛ የጋዜጠኝነት ተማሪዎች ምን አገባን? አገባን እንጂ! «ብርቅዬ ዝርያ ሊጠፋ ነው» ብሎ ዜና መሥራት ቀላል ነው፡፡ አንድ ባለሙያ ታናግራለህ፣ አንድ ላም ታስቀርጻለህ፣ አለቀ፡፡ የተቀረጸችው ላም ሸኮ ለመሆኗ ግን ማን አረጋገጠ? አንድን ነገር ለይተን ሳንሰይም ስለ መጥፋቱ ብንዘግብ ሰሚው ምን ይጨብጣል? በየኮርሱ «ማን፣ ምን፣ የት፣ መቼ» እየተባልን የምንማረው ለዚህ ይመስለኛል፡፡ «ምን» የሚለው ጥያቄ ሳይመለስ ወደ «ለምን» መዝለል የለብንም፡፡

ስለዚህ የማቀርበው ሐሳብ ትንሽ ነው፡፡ በመጪው ሴሚስተር ለተግባር ልምምድ ስንወጣ ጥቂቶቻችን ወደ ሸኮ፣ ወደ ሸዋ ቤንችና ወደ ደቡብ ቤንች ገበሬዎች ሄደን አንድ ጥያቄ ብቻ እንጠይቅ፦ «ሸኮ የሚሏት የትኛዋን ነው? በምን ያውቋታል?» መልሶቹን በየቋንቋቸው እንቅዳ፤ በቤንችኛና በሸኮኛ ለከብት መልክና ጠባይ ያሉት ቃላት አማርኛ የሌለው ዕውቀት ሊኖራቸው ይችላል፡፡ የተቀዳውን ለእንስሳት ሳይንስ ተማሪዎችና መምህራን እናስረክብ፡፡ መስፈርቱን የሚጽፉት እነሱና አርቢዎቹ ናቸው፡፡ እኛ ግን የመጀመሪያውን ገጽ ልናቀብላቸው እንችላለን፡፡ አብሮኝ ለመሄድ ፈቃደኛ የሆነ በክፍል ተጠሪያችን በኩል ስሙን ያስመዝግብ፡፡ አጎቴን ለማናገር እኔ ኃላፊነቱን እወስዳለሁ፤ ኮርማቸውን የቀጠቀጡበትን ምክንያት ሰምታችሁ ከመጣችሁ በኋላ መስፈርቱ ላይ እንከራከራለን፡፡